ቁርኣን የተከለከለው እስረኛ

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ ፈየትቪል በምትባል ከተማ በ1810 አንድ ጥቁር ሰው ታሰረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ዑመር ኢብን ሰዒድ ይባላል። በምዕራብ አፍሪካ፣ ፉታ ቶሮ በሚባለው አገር ተወልዶ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ከሸይኾች እግር ሥር ተቀምጦ የቀራ ሰው ነበር። በ1807 ተማርኮ፣ በመርከብ ተጭኖ ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ቻርለስተን ወደብ ላይ ተሸጠ። ከጨካኝ ጌታው አምልጦ አንድ ወር ያህል ሲሸሽ ቆየና ሶላት ሊሰግድ ወደ አንድ ቤት ሲገባ ታይቶ ተያዘ። አሥራ ስድስት ቀንና ሌሊት በእስር ቤት አሳለፈ። እንደሚተረከው፣ እዚያው ባገኘው ከሰል የእስር ቤቱን ግድግዳ በዐረብኛ ጽሑፍ ሞላው። የከተማው ሰዎች እየመጡ አዩት፤ አንዳቸውም ሊያነቡት አልቻሉም።

እኛ ደረሳ በነበርንበት ጊዜ ሉሐችን ላይ የምንጽፈው በጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የዚያ ሰው ጥቁር ጣት ፊት ለፊቴ ይመጣብኛል። ወረቀት የለውም፣ ሉሕ የለውም፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው የለም። ግድግዳ ግን አለ።

ዑመር ከእስር የወጣው ወደ ነጻነት ሳይሆን ወደ ሌላ ገዢ እጅ ነው፤ በ1860ዎቹ እስኪሞት ድረስም ባሪያ ነበር። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ የጻፈ ሲሆን ጽሑፉም ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአገሪቱ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያን አባል አድርጋ መዝግባው ስለነበር ታሪክ ጸሐፊዎች በእምነቱ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የልቡን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። የጽሑፉ መክፈቻ ግን ሱረቱል ሙልክ ነው።

ይህን ያነሳሁት አንድ ተማሪዬ ስለ ማልኮም ኤክስ ካወራን በኋላ «ኡስታዝ፣ ሰው ታስሮ ይታረማል እንዴ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። አዎ ወይም አይደለም ብዬ ማለፍ ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን አሜሪካ ይህንኑ ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በድንጋይ፣ በብረትና በሕግ ስትፈትነው የኖረች አገር ናትና ታሪኩን ከሥሩ መመልከት የተሻለ መስሎ ታየኝ።

በመጀመሪያው ዘመን የአሜሪካ እስር ቤት ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ሰው የሚቆይበት ማረፊያ እንጂ ራሱ ቅጣት አልነበረም። ቅጣቱ ስቅላት፣ በአደባባይ ግርፋት፣ በጋለ ብረት ምልክት ማድረግ፣ እግርና እጅን በግንድ ጠርቆ ለመንገደኛ መሳለቂያ ማቆም ነበር። በ1787 በፊላዴልፊያ ከተማ ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽና ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ይህን አረመኔነት ነው ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳባቸው ሰውየውን ከመግረፍ ይልቅ ከክፉ ጓደኛ ለይተን ለብቻው እናስቀምጠው፣ ከኅሊናውና ከፈጣሪው ጋር ይፋጠጥ፣ ያን ጊዜ ይጸጸታል የሚል ነበር። በ1790 በከተማዋ ዋልነት ጎዳና በነበረው እስር ቤት ሙከራው ተጀመረ። እንዲህ ያለው ቤት በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስምም ከንስሐ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኛ «የተውበት ቤት» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ግንብ ሆኖ የቆመው ግን በ1829 ነው። በፊላዴልፊያ ዳርቻ የተሠራው «ኢስተርን ስቴት» የተባለው ወህኒ ቤት በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ገንዘብ ከወጣባቸው ሕንጻዎች አንዱ ነበር። የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የቧንቧ ውኃ ከማግኘቱ በፊት የእስረኞቹ ክፍሎች ቧንቧ ነበራቸው። እያንዳንዱ እስረኛ የራሱ ክፍል፣ ከጣሪያው ብርሃን የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ፣ በጓሮ በኩል ግንብ የተከበበ ትንሽ ግቢ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የእጅ ሥራ ይሰጠዋል። ሰው የሚባል ግን አይሰጠውም። ከክፍሉ መውጣት ሲኖርበት ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያየው ፊቱን በጆንያ መሰል ሽፋን ይሸፍኑታል። ስሙ ቀርቶ በቁጥር ይጠራል። ከጎኑ ያለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

የመጀመሪያው እስረኛ ቻርልስ ዊልያምስ የሚባል ጥቁር ገበሬ ነበር። የሰረቀው የሃያ ዶላር ሰዓት፣ የሦስት ዶላር የወርቅ ማኅተምና አንዲት የወርቅ ቁልፍ ሲሆን የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። መዝገቡ ላይ ቁመቱ፣ የጠባሳው ቦታና የእግሩ ርዝመት ከተጻፈ በኋላ «ማንበብ ይችላል» የምትል አጭር ቃል ተጨምራለች። ያቺ ቃል ምን ያህል እንደረዳችው አይታወቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያነበውን የሚያወራለት ሰው አልነበረውም።

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ኦበርን በሚባል ወህኒ ቤት የተደረገው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1821 ሰማንያ ያህል ሰዎች ያለ ምንም ሥራ፣ ያለ ምንም ሰው፣ በጠባብ ክፍሎች ብቻቸውን ተዘጋባቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስቱ ሞቱ፤ አእምሮውን የሳተም ነበር። በመጨረሻ የክፍለ ግዛቱ ገዢ ራሱ ነገሩ ዘግንኖት ሃያ ስድስቱን በምሕረት አስፈታ። ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ጥፋት ፈጽመው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ኦበርን ሌላ ሥርዓት ያዘ። ቀን በአንድ ላይ ይሠራሉ፣ ሌሊት ለየብቻ ያድራሉ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ግን አንዲት ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። የሚተነፍስ በጅራፍ ይገረፋል። ባለ መስመር ልብስ ለብሰው፣ አንዱ እጁን በፊተኛው ትከሻ ላይ ጭኖ፣ እኩል እየረገጡ ይሄዳሉ። ግርፋትን ለማስቀረት የተጀመረው ነገር አርባ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ግርፋት ላይ ቆመ።

በ1842 ፊላዴልፊያን የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ የኢስተርን ስቴትን ሰዎች ደግነት ሳይክድ፣ የሚያደርጉትን ግን አያውቁትም ብሎ ጻፈ። በአካል ላይ ከሚደርስ ሥቃይ ይልቅ በአእምሮ ላይ ዕለት ዕለት የሚደርሰው ይከፋል፣ ቁስሉ ስለማይታይ የሚጮህለት የለም ማለቱ ነበር። በ1890 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ የዚያን ዘመን ሙከራ መለስ ብሎ ተመልክቶ፣ ብዙዎች አእምሯቸው እንደደነዘዘ፣ አንዳንዶች እንዳበዱ፣ ሌሎችም ራሳቸውን እንዳጠፉ በፍርዱ ላይ አሰፈረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ኅልዋ ለሰው ልጅ እንደሚጠቅም እኛም እናውቃለን፤ ኢዕቲካፍ የሚገባ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ኢዕቲካፍ የምንገባው መስጊድ ውስጥ ነው፣ ሰጋጆች መሐል፣ በራሳችን ኒያ፣ መውጫችንን እያወቅን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱማማ ኢብን ኡሣል ተማርኮ በመጣ ጊዜ ያሳሰሩት መስጊዱ ዓምድ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ሰዎች ሲሰግዱ አየ፣ ሲያወሩ ሰማ፣ እሳቸውም እየመጡ አነጋገሩት። ከዚያም ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ አስፈቱት፤ ሄዶ ታጥቦ መጥቶ ሰለመ። ኢማም አቡ ዩሱፍም (ረሒመሁላህ) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታብ እስረኛ ቀለቡና የክረምትና የበጋ ልብሱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይሰጠው፣ በሰንሰለት ታስሮ ለልመና አይውጣ፣ ዘመድ የሌለው እስረኛ ቢሞት ታጥቦና ተከፍኖ ይቀበር ብለው መክረዋል። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። በሙስሊም አገሮች ያሉ የዛሬ ወህኒ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው የሚኮራበት ነገር አያገኝም።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1865 ባርነትን የሻረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ነገር ግን አንዲት በር ክፍት ቀረች፤ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ከክልከላው ውጪ ሆነ። የደቡቡ ክፍለ ግዛቶች ያቺን በር ፈጥነው ገቡባት። ሥራ የሌለው ጥቁር ሰው በቦዘኔነት ይከሰሳል፣ መቀጮውን መክፈል አይችልም፣ ይፈረድበታል፣ መንግሥትም ለማዕድን ቆፋሪ፣ ለባቡር ሐዲድ ሠሪ ወይም ለጥጥ እርሻ ባለቤት ያከራየዋል። ባሪያ ገዢው ለገዛው ሰው ገንዘብ ስላወጣበት ቢያንስ እንዳይሞትበት ይሳሳ ነበር። ተከራዩ ግን ቢሞትበት ሌላ ይሰጠዋል። እስረኛን ማከራየት በአላባማ የቀረው በ1928 ነው። በ1871 ደግሞ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት እስረኛን በግልጽ ቃል «የመንግሥት ባሪያ» ብሎ ጠርቶታል። ዳኞችም ለብዙ ዘመን እጃቸውን ሰብስበው፣ ከግንቡ ወዲያ ያለው የወህኒ ቤት አዛዡ ጉዳይ ነው እያሉ ኖሩ።

ማረም የሚለው ሐሳብ ግን አልሞተም። በ1870 የወህኒ ቤት ኃላፊዎች ሲንሲናቲ ላይ ተሰብስበው ዓላማችን ማሠቃየት ሳይሆን ማስተካከል ነው አሉ። በ1876 ኤልማይራ በተባለ ቦታ ለወጣቶች የተከፈተው ማረሚያ ትምህርትንና ሙያን ይዞ መጣ፤ በጠባዩ ነጥብ ያገኘ በአመክሮ ይፈታ ጀመር። ገዢው ብሮክዌይ በዓለም ሁሉ ተመሰገነ። በ1890ዎቹ ምርመራ ሲደረግ ልጆቹን በገዛ እጁ ክፉኛ ይገርፍ እንደነበር ታወቀ። በ1954 ደግሞ የአገሪቱ የወህኒ ቤት ማኅበር «ወህኒ» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ «ማረሚያ» የሚለውን አስገባ። እኛም አገር ከወህኒ አምባ የመጣው ስም ወርዶ በሩ ላይ «ማረሚያ ቤት» የሚል ጽሑፍ ከተሰቀለ ቆይቷል። ሰሌዳ መለወጥ የሁሉም አገር ልማድ ነው።

ማልኮም ሊትል የተባለው ወጣት በ1946 ቦስተን ውስጥ በቤት ሰርሳሪነት ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ሲፈረድበት ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም። መጀመሪያ የገባበት ቻርልስታውን ወህኒ ቤት በ1805 የተሠራ፣ ክፍሎቹ ውኃ የሌላቸው፣ እስረኛው በባልዲ የሚጸዳዳበት ቤት ነበር። ማልኮም እዚያ እምነትን ሁሉ የሚሳደብ ሰው ሆነ። እዚያው ግን አንድ ጎልማሳ እስረኛ፣ ሳይጮህና ሳይሳደብ በዕውቀቱ ብቻ የሚከበር ሰው፣ መጽሐፍ እንዲያነሳ ገፋፋው። ወንድሞቹና እህቱም በደብዳቤ ስለ እምነት ይጽፉለት ነበር። አንደኛው ወንድሙ የአሳማ ሥጋ እንዳይበላ፣ ሲጋራም እንዲተው መከረው። መልስ መጻፍ ፈለገ፤ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ፊደሉ ተበላሽቶበታል፣ ቃሉ ያጥረዋል።

በ1948 ኖርፎክ ወደሚባል ሌላ ወህኒ ቤት ተዛወረ። ይህ ቤት በ1920ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ፣ ሰውን ከነሰውነቱ ለማስተማር የታሰበ ቦታ ነበር። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ መምህራን ከውጭ ይመጣሉ፣ እስረኞች ክርክር ያደርጋሉ። ማልኮም መዝገበ ቃላት አስመጣና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቃል በቃል በእጁ ገለበጠ። ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን ወለል ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ የዘበኛው ኮቴ ሲሰማ ዘሎ ተኝቶ ያስመስላል፤ ሲያልፍ ተመልሶ ይወርዳል። ዐይኑ የደከመው እዚያ ነው። ዑመር ኢብን ሰዒድ ዕውቀቱን ይዞ ነው የታሰረው። ማልኮም ግን ዕውቀቱን ያገኘው እዚያው ታስሮ ነው።

አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። በ1950 ማልኮምና ጥቂት ጓደኞቹ አሳማ አንበላም፣ ሶላት ለማድረስ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ስጡን አሉ። ጋዜጦች እንደ አስቂኝ ወሬ ጻፉት፤ ማልኮም ያን ጊዜ ከዚያ በጎ ወህኒ ቤት ወደ አሮጌው ቻርልስታውን ተመልሶ ነበር። ሲሰርቅ የነበረ ልጅ ስርቆት ተወ፣ ሐሺሽ ተወ፣ መጽሐፍ ያዘ። ማረሚያ ቤት የሚፈልገው ይህንኑ አልነበረም እንዴ? አዛዦቹ ግን የታረመውን ሰው ከሌባው ይልቅ ፈሩት። ሌባ ብቻውን ነው፤ ይህኛው ግን ጀመዐ ሊያቋቁም ነው።

የተቀላቀለው ድርጅት፣ «ኔሽን ኦፍ ኢስላም»፣ ከተውሒድ ርቆ ሰውን እስከ ማምለክ የደረሰ፣ ዘርንም ከዘር የሚያበላልጥ ትምህርት እንደነበረው መደበቅ አያስፈልግም። ማልኮም ራሱ በ1964 ተለየው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሐጅ አደረገ፤ ነጩንና ጥቁሩን በአንድ ኢሕራም አይቶ ተመለሰ። በዚያው ዓመት አፍሪካን ሲዞር አዲስ አበባንም ረግጧል። በየካቲት 1965 ኒው ዮርክ ላይ ተገደለ፤ አላህ ይዘንለት።

ማልኮም ከሐጅ በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በሰኔ 1964፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ውሳኔ ሰጠ። ባለጉዳዩ ቶማስ ኩፐር የሚባል፣ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ስቴትቪል ወህኒ ቤት በነፍስ ግድያ የታሰረ ሰው ነበር። ኩፐር የጠየቀው እንዲፈታ አይደለም። ቁርኣን ልግዛ፣ የዐረብኛ መማሪያ ይግባልኝ፣ የእምነቴ መምህር ይጎብኘኝ ነው ያለው። ወህኒ ቤቱ የእናንተ ነገር ሃይማኖት አይደለም፣ አመፅ ነው ብሎ ከለከለው። ሌሎች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ሲያነቡ እሱ ለዓመታት ከሌሎች ተለይቶ ተቀመጠ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች እንደ ልማዳቸው የአዛዡ ጉዳይ ነው ብለው ዘጉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እስረኛም ቢሆን በእምነቱ ምክንያት ተበድያለሁ ብሎ መክሰስ ይችላል አለ። የተጠቀመው ባርነት ከተሻረ በኋላ በ1871 የወጣ፣ ለሰማንያና ዘጠና ዓመታት ያህል ተኝቶ የከረመ የሲቪል መብት ሕግ ነው። የቨርጂኒያው ፍርድ ቤት እስረኛን «የመንግሥት ባሪያ» ያለውም በዚያው በ1871 እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ጉዳዩ ተመልሶ ሲታይ ኩፐር ቁርኣኑን አገኘ።

ከዚያ ውሳኔ በኋላ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። በ1970 የአርካንሳስ ወህኒ ቤቶች በሙሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጩ ናቸው ተባለ፤ እስረኞችን በመሣሪያ የሚጠብቁትና የሚገርፉት ሌሎች እስረኞች ነበሩና። በ1976 የታመመን እስረኛ ሆን ብሎ ሳያሳክሙ መተው ጭካኔ ነው ተባለ። ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ እምነት የሌለውም እስረኛ እስከ ዛሬ የሚከስበት መንገድ አንድ ሰው ቁርኣን ተከልክሎ የከፈተው መንገድ ነው። ይህን ብዙ አሜሪካውያን ራሳቸው አያውቁትም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ደም ነው። በኒው ዮርክ አቲካ ወህኒ ቤት በመስከረም 1971 ከ1,200 የሚበልጡ እስረኞች ተነሥተው ጠባቂዎችን አገቱ። የሚጠይቁትን ስናነብ እናፍራለን። በሳምንት ከአንድ በላይ መታጠብ፣ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ የእምነት ነጻነት፣ አሳማ የሌለበት ምግብ፣ ሐኪም። በአራቱ ቀናት ውስጥ ታጋቾቹን ከበው ከሌሎች እስረኞች ቁጣ የጠበቋቸው ሙስሊሞቹ ነበሩ። አምስተኛው ቀን ጠዋት ላይ የክፍለ ግዛቱ ገዢ ኔልሰን ሮክፌለር ኃይል እንዲገባ ፈቀደ። በደቂቃዎች ውስጥ 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች ተገደሉ። መጀመሪያ ታጋቾቹን ያረዷቸው እስረኞቹ ናቸው ተብሎ ነበር። ሬሳው ሲመረመር ግን ሁሉም የሞቱት በመንግሥት ጥይት ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ለእስረኞቹ 8 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል የተስማማው በ2000 ሲሆን ለሞቱት ጠባቂዎች ቤተሰቦች ደግሞ በ2005 12 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ያው ገዢ በ1973 ጥቂት አደንዛዥ ዕፅ የሸጠን ሰው ከአሥራ አምስት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ማረም የሚባል ነገር አይሠራም የሚል ጽሑፍም በ1974 ወጥቶ ብዙ ጆሮ አገኘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ወህኒ ቤቶች የነበሩት ፍርደኞች 200,000 ያህል ነበሩ። በ2009 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ፍርድ የሚጠባበቁበት ማረፊያ ቤት ሲጨመር ቁጥሩ 2.3 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከመቶ አዋቂ አንዱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም ዛሬም ከሁለት ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። በገደብና በአመክሮ ሆነው በመንግሥት ዐይን ሥር የሚኖሩት ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከአምስት ሚሊዮን ያልፋል። ጥቁሮች ከአገሪቱ ሕዝብ ከስምንት አንድ ያህል ሆነው ሳለ ከፍርደኛው ሲሶ ያህሉ እነሱ ናቸው።

ይህን ያህል ሰው የሚያስተዳድር አካል ማረም ትቶ መቁጠር ይጀምራል። ቀኑ የሚከፋፈለው በቆጠራ ነው፤ ጠዋት ቆጠራ፣ ቀትር ቆጠራ፣ ሌሊት ቆጠራ። አዲስ የገባው እንደ ጥፋቱና እንደ ጠባዩ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ጥበቃ ይባላል። በአንዳንድ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ለሥራው አንዲት ሳንቲም አይከፈለውም፤ ሌላውም ዘንድ ክፍያው እጅግ ጥቂት ነው። በሕገ መንግሥቱ ላይ የቀረችውን ያቺን የባርነት በር ከየራሳቸው ሕግ የፋቁት ክፍለ ግዛቶች አሉ፤ በ2022 ብቻ አራት ክፍለ ግዛቶች፣ አላባማ ራሷም አንዷ ሆና፣ በሕዝብ ድምፅ ፍቀዋታል። በ1994 ለእስረኞች የኮሌጅ ትምህርት ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ድጎማ ተቋረጠ፤ እንደገና ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው በ2023 ነው። በዚሁ በ1994 ደግሞ በኮሎራዶ ፍሎረንስ የአገሪቱ ከባዱ ወህኒ ቤት ተከፈተ። እስረኛው ከሃያ አራት ሰዓት ሃያ ሦስቱን ያህል ብቻውን በኮንክሪት ክፍል ያሳልፋል። ፊላዴልፊያ በ1913 በይፋ የተወችው ነገር፣ ጓሮው ቀርቶበት፣ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2013 በካሊፎርኒያ ወደ 30,000 እስረኞች ይህንኑ ተቃውመው ምግብ አንበላም ብለዋል።

ታስረው የማይወጡ ጥቂቶች ናቸው። ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ አንድ ቀን በር ተከፍቶላቸው ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ። መንግሥታቸው ራሱ በ2005 የተፈቱትን ተከታትሎ ባጠናው መሠረት ከሦስቱ ሁለቱ በሦስት ዓመት ውስጥ እንደገና ተይዘዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ በአሜሪካ ብቻ ልፈርድ አልቻልኩም። እኛ ሰፈር ስድስት ዓመት ታስሮ የወጣ አንድ ወጣት መግሪብ ሊሰግድ መጥቶ ሰፍ ውስጥ ሲቆም ግራና ቀኙ ሳሳ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እኔም ወደ እሱ አልተጠጋሁም፤ ከኋላ ቆሜ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ መስጊዳችን ውስጥ አላየሁትም።

የሙስሊም እስረኞቹ ክስ አላበቃም፤ ሁሉንምም አላሸነፉም። በ1987 በኒው ጀርሲ ከግቢ ውጪ እንዲሠሩ የተመደቡ ሙስሊሞች ለጁምዐ ይመልሱን ብለው በአንድ ዳኛ ድምፅ ተሸነፉ። በ1996 እስረኛ ፍርድ ቤት የሚደርስበት መንገድ በሕግ ጠበበ። በ2000 ደግሞ የእስረኛን አምልኮ ያለ ከባድ ምክንያት መከልከል የሚያግድ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ነው በአርካንሳስ የታሰረ አንድ ሙስሊም ጢሜን ልተው ብሎ በእጁ የጻፈውን አቤቱታ ይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው። ሙሉ ጢም እንደማይፈቅዱለት ስላወቀ ግማሽ ኢንች ብቻ ነው የጠየቀው። ወህኒ ቤቱ በዚያች ጢም ውስጥ ስለት ይደበቃል ብሎ ተከራከረ። ዘጠኙም ዳኞች በ2015 ለእስረኛው ፈረዱ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን 2019፣ አላባማ ውስጥ ዶሚኒክ ሬይ የሚባል ሙስሊም የሞት ፍርድ ተፈጸመበት። የተፈረደበት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ገድሏል ተብሎ ነው፤ የልጅቱን ደም ማንም አያቃልለው። ሰውየው የጠየቀው በመጨረሻዋ ሰዓት ኢማሙ ከጎኑ እንዲሆን ነበር። ወህኒ ቤቱ ግን ሞት ወደሚፈጸምበት ክፍል የሚያስገባው የራሱን ሠራተኛ፣ ክርስቲያኑን ቄስ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ተከፍሎ ጥያቄህ ዘግይቷል አለው። አራቱ ዳኞች ይህ ከባድ ስህተት ነው ብለው ጻፉ፤ ክርስቲያኖችም ጭምር ጮኹ። በሚቀጥለው ወር የአንድ ቡድሂስት እስረኛ ቅጣት በዚሁ ምክንያት ቆመ። በ2022 ደግሞ አንድ የቴክሳስ ክርስቲያን ፓስተሬ እጁን ጭኖብኝ ይጸልይልኝ ብሎ ስምንት ለአንድ አሸነፈ።

የሬይ ኢማም ያን ምሽት ከመስተዋቱ ወዲያ ማዶ ቆሞ ተመለከተ። ሬይ የመጨረሻ ቃል እንዳለው ሲጠየቅ ሸሃዳውን በዐረብኛ አለ።